በጨው የተሸጠው የቆጮ ጉድጓድ

ያን ቀን ኦቾሎ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ከጓሮ የቆመው እንሰት እንኳ አይታይም፤ ከቅጠሉ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ሌላ ጊዜ ከመንደሩ ዳር ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ዓባያ ሐይቅ እንደ ተሰጣ ቀይ ሸማ ተዘርግቶ ይታያል። ያን ዕለት ግን ሐይቁም፣ ገደሉም፣ ገደሉ ላይ የሚንጫጩት ሽኮኮዎችም ተውጠው ነበር። መጋቢት ዝናቡን ለማውረድ ሲያኮበኩብ እንዲህ ያደርገዋል።

ወርቂቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ባሏን ከማየቷ በፊት ድምፁን ሰማችው።

«ወርቂቱ፣ ኧረ የት ነሽ?»

እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ባሏ ዳልጮ ሸማኔ ነው። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ሲሸምን ይሰነብትና፣ የቅዳሜን ንባብ ሊሰማ እዚያው ካልቀረ በቀር፣ ዓርብ ከሰንበት በፊት ወደ ኦቾሎ ይወጣል። ያ ቀን ደግሞ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ዳገት የሚወጣ ሸማኔ መርዶ ይዞ እንጂ በደህና አይመጣም።

«ማን ሞተ?» አለችው፣ ገና ከጉሙ ሳይወጣ።

«ማንም አልሞተም። እንዲያውም ከእንግዲህ የሚሞት የለም።»

ብቅ ሲል እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ከታች ከላንቴ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ነው የወጣው። አተነፋፈሱ እንደ ወናፍ ነው፤ ዓይኑ ግን የሙሽራ ዓይን መስሏል። ወርቂቱ ይህን ዓይን ካየችው ብዙ ዘመኗ ነው። ልጃቸው ሔርሜላ የተወለደች ዕለት አይታው ነበር፤ ሔርሜላ አሁን ምዕራብ ዓባያ አግብታ የራሷን ልጆች ታሳድጋለች።

«በዚህ ፋሲካ ነው» አለ ዳልጮ፣ መቀመጫውን ገፋ አድርጎ ቆሞ እንዳለ። «መምህር ክብሩ ቅዳሜ አነበበልን። የጥንት ሊቃውንት ምን አሉ መሰለሽ? ሰባተኛው ዓመት ሲወጣ የዳዊት ልጅ ይመጣል አሉ። ማኅበራችን ከተመሠረተ ስንት ዓመቱ ነው? ሰባት። በዚያ ላይ በአይሁድ አቆጣጠር ወሩ ኒሳን ነው። ከግብጽ የወጡት በኒሳን ነው፤ የመጨረሻውም ቤዛነት በኒሳን ነው ብለዋል። አየሽ እንዴት እንደ ገጠመ? እንደ ድርና ማግ።»

እዚህ ላይ ማኅበሩ ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ ውስጥ የሙሴን ሕግ የሚጠብቁ፣ ቅዳሜን እንደ አይሁድ የሚያከብሩ ጥቂት ቤተሰቦች አሉ። ብዙዎቹ ቀድሞ ጴንጤ ነበሩ። ሰው የቅዳሜ ሰዎች ይላቸዋል፤ ከአድቬንቲስቶች ጋር ያምታታቸዋል፤ እነሱም ማስረዳቱ ሰልችቷቸው ትተውታል። መሪያቸው መምህር ክብሩ ኬሚስትሪ ሲያስተምር ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕብራይስጥን በስተርጅና ተምሮ፣ የአይሁድ ሊቃውንት ስለ መሲሕና ስለ ቤዛነት የጻፉትን ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በግቢው ማንጎ ሥር ያነብላቸዋል። ዳልጮ ማኅበሩን ያገኘው ለመምህሩ የጸሎት ሸማ ሊሠራ ሄዶ ነው። ሸማውን ሠርቶ ሳይጨርስ ራሱ ተሸመነ ትላለች ወርቂቱ።

እሷ ግን የገባችው ባሏን ተከትላ ብቻ አይደለም። አንድ ቅዳሜ መምህሩ ያነበበው ነገር ያዛት። መሲሑ፣ ይላል ያ ንባብ፣ ከአንዲት ትልቅ ከተማ በር ላይ ከቁስለኛ ድሆች መሐል ተቀምጧል። ሌሎቹ የቁስላቸውን ጨርቅ ሁሉ ባንዴ ፈትተው ባንዴ ያስሩታል። እሱ ግን አንዱን ፈትቶ አንዱን ያስራል፤ በድንገት ብጠራ ማሰሪያ አያዘግየኝ እያለ። ወርቂቱ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። በሕይወቷ የሰማችው ጌታ ሁሉ በሠረገላ የሚመጣ ነበር። ይሄ ግን እንደ እሷ ሥራ ላይ ያለ፣ የራሱን ጨርቅ ራሱ የሚያስር ነው። እንዲህ ያለውን ብጠብቀው አላፍርም አለች፣ ጠበቀችውም።

ስለዚህ ዳልጮ «በዚህ ፋሲካ» ሲል ልቧ ዘለለ። አልዋሽም ብላ ለጎረቤቷ ለባዩሽ የነገረቻት ነው፤ ሳቅና ልቅሶ ባንድ ላይ ያዟት።

«በል ተቀመጥ፣ ውሃ ላምጣልህ» አለችው።

«መቀመጫ ጊዜ የለም። ቤቱ ከእርሾ መጽዳት አለበት። በቂጣው በዓል ቤት ውስጥ የቦካ ነገር ከተገኘ እንኳን መሲሕ፣ መልካም እንግዳም አይገባም።»

«ቤቱን እጠርጋለሁ። የዱቄት ዕቃውን አጥባለሁ።»

«ጉድጓዱስ?» አለ ዳልጮ።

ወርቂቱ የተነሳችበትን ረሳችው።

ጉድጓዱ የቆጮ ጉድጓድ ነው። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መሐል፣ በእንሰት ቅጠል ተጎዝጉዞ፣ ላዩ በድንጋይ ተጭኖ፣ ውስጡ የቤቱ የዓመት ምግብ ይቦካል። እንሰቱን ስድስትና ሰባት ዓመት ተንከባክበው ይቆርጡታል፤ ይፋቃል፣ ይጨመቃል፣ ይቀበራል፤ ወራት ሲቆይ ይጣፍጣል። ቦክቶ ነው የሚበላው፤ ካልቦካ ቆጮ አይባልም። ወርቂቱ ደግሞ ጉድጓድ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። አምስተኛ ክፍል ሳለች አጠውልግ የሚሉት በሽታ የእናቷን እንሰት ባንድ ዓመት ጨረሰው። ጉድጓዱ ተሟጠጠ፤ እሷ ደብተሯን አስቀምጣ ካምባ ዘመድ ቤት ሥራ ገባች። ትምህርት ቤት ተመልሳ አላየችውም። ሌላ ሰው ስለ ረሃብ ሲያወራ ሆዱን ይይዛል፤ እሷ ግን ሳታስበው ወደ ጓሮ ትመለከታለች።

«የዓመት ምግብ ልድፋ ነው የምትለኝ?»

«ለየትኛው ዓመት ነው የምታስቀምጪው?» አላት ዳልጮ፣ ሳይቆጣ፣ እንደሚያባብል። «ስሚኝ የኔ እናት። ይመጣል እያልሽ ከበዓሉ ማግስት የሚበላ ከቀበርሽ፣ አፍሽ ይመጣል ይላል፣ ጉድጓድሽ አይመጣም ይላል።»

ይሄ ነገር ገባት። የወጋትም ስለገባት ነው። ባሏ ቂል ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።

እስከ ሐሙስ መንደሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ሌሎች የማኅበሩ ቤቶች ሰሙ። ባዩሽ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከአፏ የማይርቅ ሴት ናት፤ ነገር ሲመጣ ቀድማ የምትሮጥ። ሁለቱንም ጉድጓዶቿን እየዘፈነች አወጣቻቸው። ከብቶቹ የቻሉትን በሉ፣ የቀረው በእንሰቱ ሥር ተበተነ፣ የኮመጠጠው ሽታ እስከ ዱቡሻ፣ ሽማግሎች እስከሚሰበሰቡበት ሜዳ ድረስ ሄደ። የመንደሩ ሰው አፍንጫውን ይዞ ሊያይ መጣ።

«ባዩሽ፣ ምን ነካሽ?» አሏት።

«ልሄድ ነው» አለች።

«የት?»

«እሱ ወደሚወስደኝ። ቆጮ ተሸክሜ ልሂድ?»

ወርቂቱ በአጥሩ በላይ እያየቻት ቀናችባት። እንደዚያ መሆን አማራት። ድንጋዮቹን ከጉድጓዷ ላይ ማንሳት ጀምራ አንዱን አነሳች፣ ሁለተኛውን አነሳች፣ ቅጠሉን ገለጥ ስታደርግ ሽታው ፊቷን መታት፤ የበሰለ፣ የደረሰ፣ ደህና ቆጮ። መልሳ ጫነችው።

«መጀመሪያ መምህሩን እጠይቃለሁ» አለች ለዳልጮ።

«አንብቦልናል እኮ።»

«እርሾ ይውጣ ብሎ አነበበ። ቆጮ ይደፋ ብሎ ግን አላነበበም። ጉድጓዱ የሴት ነው፤ ጥያቄውም የሴት ነው።»

ዳልጮ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ቆመ። በእነሱ አገር ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ይቆርጣል፤ የተፋቀው ጉድጓድ ከገባ በኋላ ግን ዝር አይልም። ሴቲቱ ሳትፈቅድ ድንጋይ ማንሳት ነውር ነው። ዳልጮ መሲሕ ሊመጣ ነው ብሎ እንኳ ያንን ነውር አልደፈረም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ወርቂቱ ከጉድጓዱ አንድ እፍኝ ቆጮ አወጣች፣ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለች፣ የፈተለችውን ጥጥ በትከሻዋ አንጠልጥላ ቁልቁለቱን ወረደች። ከላንቴ በሚኒባስ ሲቀላ ገባች። በዓሉ ያን ዕለት ማታ ነው የሚገባው። ከተማው ውስጥ ማንም ይህን አያውቅም፤ ባጃጁ ይጮኻል፣ ሙዙ ይጫናል፣ እሷ ግን በዚያ ሁሉ መሐል ትልቅ ምሥጢር እንደ ያዘ ሰው ልቧ እየመታ ትሄዳለች። ነገ ይሄ ሁሉ ሌላ ሊሆን ይችላል እያለች የሻይ ቤቱን ወንበር ሳይቀር እየተሰናበተች ነበር።

መጀመሪያ ዙሁራ ሱቅ ጎራ አለች። ዙሁራ ፈትሏን ለዓመታት የምትገዛት ነጋዴ ናት፤ ጨው፣ ዘይት፣ ክርና ሳሙና ትሸጣለች። አባቷ ከስልጤ መጥተው ነው እዚህ የከተሙት።

«ወርቄ፣ ዓርብ ምን አመጣሽ? ቅጠሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለችና ሳይሰጧት ወስዳ አሸተተችው። «ወይ ጉድ፣ ይሄ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ስምንት ወሩ ነው። ልደፋው ነው፤ ማለት፣ ልደፋው ወይስ አልድፋው ብዬ ልጠይቅ ነው።»

ዙሁራ ቅጠሉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ወርቂቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት፤ ሰባተኛውን ዓመት፣ ኒሳንን፣ እርሾውን፣ ባዩሽን።

«ፋሲካ ገና መስሎኝ? ጾመኞቹ እኮ ገና ሽሮ ላይ ናቸው» አለች ዙሁራ።

«የእኛ ይቀድማል።»

«እሺ ይቅደም። ቆይ ግን፣ እንደዚህ ያለ ቆጮ መድፋት በየትኛው ሃይማኖት ነው የሚጸድቀው? እኔ የስልጤ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ይህን ብትሰማ ሶላቷን ታቋርጣለች።»

«እንግዳው ቢመጣ ነው እኮ ዙሁራ።»

«ቢመጣስ ምን ልታበሉት ነው? ሆቴል ልትወስዱት ነው?» አለችና፣ የወርቂቱን ፊት ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ አልቀለድኩም። እኛስ የምንጠብቀው የለንም መሰለሽ? ኢሳ ይመለሳል፣ ዓለም በፍትሕ ይሞላል ተብሎ አባቴ ያስተማረኝን አምናለሁ። ግን ሱቁን አልዘጋሁም። ሂጂ፣ መምህርሽን ጠይቂ። ስትመለሺ ንገሪኝ፤ እንቅልፍ ልትነሺኝ ነው።»

መምህር ክብሩን ግቢው ውስጥ ከቤቱ የቀረውን እርሾ ያለበት እህል እያቃጠለ አገኘችው። ነጭ ጺሙ ላይ አመድ ወድቆበታል። ቅጠሉን በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«መምህር፣ ይሄ እርሾ ነው?»

ተቀብሎ አየው፣ አሸተተው። ቤት ገብቶ መጻሕፍቱን ገልጦ አነበበ፤ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ። ማንጎው ሥር ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ሊቃውንቱ እርሾ የሚሆኑትን እህሎች በስማቸው ቆጥረዋል፤ ስንዴ፣ ገብስና መሰሎቹ አምስት ናቸው» አላት ሲመለስ። «እንሰት የለበትም። ግን እንሰትን የት አይተውት ይቆጥሩታል? ስላላወቁት ይሁን ስለማይከለከል ይሁን አላውቅም። እርሾ ነው ብል ረሃብ ልጠራብሽ ነው፤ አይደለም ብል ኃጢአት ላበላሽ ነው። ጎንደር ላለ አዋቂ ረቡዕ ዕለት በስልክ ድምፅ ልኬለት ነበር፤ አልመለሰም።»

«ረቡዕ ልከው ነበር? ከኔ በፊት?»

«ባዩሽ ደውላ ልደፋ ነው ስትለኝ ደንግጬ። ቀስ በዪ አልኳት፤ አልሰማችኝም።» ጺሙን አራገፈ። «አንድ መንገድ ግን አለ። ብዙ እርሾ ያለው፣ ሊያጠፋው የማይችል ሰው፣ ከበዓሉ በፊት ሕጉ ለማይመለከተው ሰው ይሸጠዋል። ያኔ በግቢው ቢኖርም የእሱ አይደለም።»

«ከዚያስ?»

«ከበዓሉ በኋላ ገዢው ቢፈልግ ይመልሳል። ባይፈልግ አይመልስም። የይምሰል አይደለም ወርቂቱ፤ ከተሸጠ ተሸጠ። ገዢው ቢያስቀረው ክስ የለሽም።»

ወርቂቱ ከግቢው ስትወጣ እየሮጠች ነበር። ሰው ሲያያት ሌባ ያባረረች ይመስላል። ዙሁራ ሱቅ ደርሳ ትንፋሿ እስኪመለስ ባንኮኒውን ያዘች።

«ጉድጓዴን ግዢኝ።»

«ምን?»

«ጉድጓዴን ከነቆጮው። ዛሬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ዙሁራ ነገሩ ሲገባት ሳቋ ከመደርደሪያው ሳሙና አወረደ። «እኔ? የኦቾሎ ባለርስት ልሆን? አባቴ በሕይወት ቢኖሩ ስንት በግ ያርዱ ነበር። መሲሑ ከመጣስ?»

«ከመጣ ያንቺ ሆኖ ይቀራል።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ ከፈለግሽ ትመልሺልኛለሽ፣ ካልፈለግሽ አትመልሺም።»

ዙሁራ ሳቋን አቆመች። ለካ ይቺ ሴትዮ የምትሰጠኝ የቤተሰቧን ጉሮሮ ነው ብላ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ በኋላ ራሷ እንደተናገረችው። ከጀርባዋ አንድ ላስቲክ ጨው አንስታ ባንኮኒው ላይ አኖረች።

«በጨው ገዛሁት። በጨው የተገዛ አይበላሽም። በይ ተነሺ፣ ፀሐይሽ እንዳትጠልቅ።»

ወርቂቱ ጨዉን አቅፋ ዳገቱን ወጣች። መንገዱ በሙሉ ሰው ነበር። መምህሩ የዘንድሮው በዓል ኦቾሎ ላይ ይሁን ብሎ ወስኖ ስለነበር፣ የማኅበሩ ሰዎች ነጫጭ ለብሰው፣ ቂጣቸውን በመሶብ ተሸክመው፣ እየዘመሩ ይወጣሉ። ከዚያ ከፍታ ሐይቁም መንገዱም ይታያል፤ የሚመጣውን ቀድሞ የሚያይ የኦቾሎ ሰው ነው ብሏል ዳልጮ። ሽማግሎቹ ሳይቀሩ ምርኩዛቸውን እየወረወሩ ነው የሚወጡት። ጉሙ ተገፎ፣ ዝናቡ ገደሉን አጥቦት ሄዶ፣ አገሩ ሁሉ ሰርግ ቤት መስሎ ነበር።

ዳልጮ ደጅ ላይ ጠበቃት።

«ምን አለሽ?»

«አላውቅም አለ። ሸጥኩት።»

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን። ለዙሁራ።»

ዳልጮ ጨዉን አየ፣ እሷን አየ። «አስቀመጥሽው ማለት ነው።»

«እኔ የለኝም። ባዶ እጄን ነኝ። የሰው ንብረት ደግሞ አይደፋም።»

ዳልጮ ፊቱን ወደ ቤት መለሰ። እንግዶቹ ገብተው ነበር።

ፀሐይ እንደጠለቀች ጨረቃ ከሐይቁ ማዶ ወጣች፤ ሙሉ፣ ቀይ፣ ትልቅ። ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቂጣው ተቆረሰ፣ መራራው ቅጠል ተበላ፣ የዘቢቡ ጭማቂ ዞረ፤ መምህር ክብሩ ከግብጽ የወጡበትን ታሪክ እያነበበ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሕፃናቱ እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ለነቢዩ ኤልያስ አንድ ጽዋ ተሞልቶ ተቀመጠ፤ መሲሑን የሚያበስረው እሱ ነው ይላሉና። እንዲገባ በሩ ተከፈተለት። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ሁሉም ተነስተው ወጡና ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ።

«መብራት» አለች ባዩሽ።

እውነት ነው። ከታች ከመንገዱ አንዲት ብርሃን ትወጣለች፤ ትጠፋለች፣ ትታያለች፣ ትቀርባለች። ዳልጮ የወርቂቱን እጅ ያዘ፤ በሰው ፊት እጇን ይዞ አያውቅም። ብርሃኗ ኩርባውን ዞራ ደረሰች፤ ከላንቴ ሲመለስ የመሸበት የመንደራቸው ሰው ነበር፣ በስልኩ እያበራ። ቀና ሲል በጨረቃ ብርሃን ያን ሁሉ ነጭ ለባሽ ገደል ላይ ቆሞ ሲያየው አየ። «እኔ ምንም አላደረግሁም» አለና ስልኩን ጥሎ የመጣበትን ቁልቁለት ተመልሶ በረረ።

ባዩሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ሌላውም ሳቀ፤ አንዳንዱ እየሳቀ ያለቅስ ነበር። ዳልጮ ግን የወርቂቱን እጅ ቀስ ብሎ ለቀቀ።

«ጉድጓድሽ ነው» አላት በጆሮዋ።

ያን ቃል ይዛ ነው ያነጋችው። ሰንበቱን በሙሉ ሰው ሲዘምር እሷ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ውስጧ ግን ምናልባት እውነቱን ይሆናል ይላል። ምናልባት ደጅ ድረስ መጥቶ የኮመጠጠው ሸትቶት ይሆናል። አንድ ሴት ረሃብ ፈርታ ዓለምን ሁሉ ልታስቀር ትችላለች? ማንን ትጠይቃለች?

ቅዳሜ ፀሐይ ጠልቃ ኮከብ ሲወጣ መምህር ክብሩ ለሰንበት ያጠፋውን ስልኩን ከፈተ። ስልኩ ጮኸ። የጎንደሩ ሰው መልስ ነበር፤ የተላከው ዓርብ ከሰዓት፣ መምህሩ ስልኩን ካጠፋ በኋላ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«እንሰት እህል አይደለም» አለ ድምፁ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ቢቦካም፣ ቢኮመጥጥም፣ ዓመት ቢቀበርም በሕጉ እርሾ አይባልም። በበዓሉም ብሉት። ደግሞ ማነው ድፉ ያላችሁ?»

ዳልጮ ቀና ብሎ ወርቂቱን አየ። ከዚያ የባዩሽ ድምፅ ተሰማ፤ ያለ ሳቅ።

«እኔስ?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የሚለቀምም አልነበራትም። መምህር ክብሩ ተነስቶ ከፊቷ ቆመ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ባዩሽ። ሰባተኛው ዓመት የሚለውን አነበብኩ፤ ሰባቱን ከማኅበራችን ዕድሜ ጋር ስትቆጥሩት እየሰማሁ፣ ደስታችሁ ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ። ሊቃውንቱ ቀን አትቁጠሩ ማለታቸውን ማንበብ ነበረብኝ።»

«ታዲያ መጠበቅ ማለት ምንድን ነው?» አለ ዳልጮ። ሲጠይቅ እንደ ሕፃን ነበር። «ሁሉን ካልለቀቁ እንዴት ጠበቁ ይባላል?»

«አንድ ታላቅ መምህር ያለውን ልንገርህ» አለ ክብሩ። «ችግኝ በእጅህ ይዘህ ሳለ መሲሑ መጣ ቢሉህ፣ መጀመሪያ ችግኙን ትከል፤ ከዚያ ውጣና ተቀበለው አለ። ከተስፋ ማጣት አይደለም ዳልጮ። ሲመጣም የሚተከል አለ ማለቱ ነው።»

ወርቂቱ ይህን ስትሰማ ከትናንት ጀምሮ የያዘችው ትንፋሽ ወጣ። ተነሳችና ባዩሽን ክንዷን ያዘቻት። «ነይ፣ ጉድጓዱን እንክፈት፤ ለሁለት ቤት ይበቃል» ብላ ጓሮ ልትሄድ ስትል ቆመች።

«የኔ አይደለም እኮ» አለች። «ሸጬዋለሁ።»

መምህሩ ስልኩን ሰጣት። ዙሁራ ወዲያው አነሳች።

«መጣ?» አለች ዙሁራ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«አልመጣም። ቆጮው እርሾ አይደለም ተባለ። ጉድጓዱን ፈልጌው ነበር።»

«እርሾ ሆነ አልሆነ ለኔ ምን አገባኝ? እኔ የገዛሁት ቆጮ ነው።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። ዳልጮ ራሱን ያዘ።

«ዙሁራ፣ ባዩሽ ሁለቱንም ደፍታለች። የሚቀመስ የላትም።»

«ሁለቱንም?» አለች ዙሁራ። «ያቺ ሳቂታዋ? እናንተ ሰዎች እኮ ሰው ልትገድሉ ነው። ክፈቺው። ግማሹን ስጪያት፣ ግማሹ ላንቺ። ለኔ አንድ ቅጠል ሙሉ ለእናቴ ላኪልኝ፤ ጨዉም ይቅርልሽ። የሚቀጥለውን ዓመት ግን ሳትጠይቁኝ አትቁጠሩ።»

እሁድ ጠዋት ወርቂቱ ድንጋዮቹን አነሳች። ባዩሽ ቅጠል ዘርግታ ተቀበለች፤ ከጉድጓዱ ሲወጣ ሽታው እንደገና መንደሩን ዞረ፤ የዚህን ጊዜ ማንም አፍንጫውን አልያዘም። ዳልጮ ለወንድ እንደሚገባው ራቅ ብሎ እንሰቱ ዳር ቆመ። የታሰረውን ሲያቀብሉት በትከሻው ተሸክሞ ወደ ባዩሽ ቤት አመላለሰው። ሲጨርስ ወገቡን ያዘና ወርቂቱ ፊት ቆመ።

«ያልኩሽን ነገር...» አለ።

«ጉድጓድ ነው ያልከው። እውነትህን ነው፤ ጉድጓድ ነው» አለችው። ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት አትወድም፤ እሱም አይችልበትም። «ጓሮ ያለው የእንሰት ችግኝ ሥሩ እየደረቀ ነው። ዝናቡ ሳያልፍ የባዩሽን ጓሮ ቆፍርላት።»

በዓሉ ሥራ የሚፈቅድባቸው የመሐል ቀናት ሲገቡ መምህሩን ጠይቆ፣ የምግብ ነገር ነው ተብሎ ተፈቅዶለት ቆፈረ። እየቆፈረ ይዘምር ነበር። ካንዱ የችግኝ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሲያልፍ ቀና ብሎ መንገዱን ያያል፤ መጠበቁን አልተወውም፤ ወርቂቱም እንዲተው አልፈለገችም። እሷም ጎንበስ ብላ አፈሩን ስትረግጥ ዓይኗ ወደዚያው ይሄድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓመት አለፈ። ወርቂቱ አሁንም ኦቾሎ ናት። ጥጥ ትፈትላለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲቀላ ወርዳ ንባብ ለመስማት ዓርብ ልጇ ሔርሜላ እዚያ የተከራየችላት ክፍል ውስጥ ታድራለች፣ ከባዩሽ ጋር በሽርክና አንድ ጉድጓድ አላት። መሲሑ አልመጣም፤ እየጠበቀችው ነው።